ሞሪሷን ጨው እንዳይበላት

ኔጎምቦ፣ ጁን 11 ቀን 1995 እ.ኤ.አ.

ለልጃችን ለክሌተስ፤

ለጤናህ እንደምን አለህልኝ? የኢጣሊያ ብርድስ እንዴት አድርጎህ ከረመ? እመቤታችን በምትሄድበት ሁሉ ትቅደምልህ። እኛ ይመስገነው ደህና ነን። ዝናቡ ገብቶ ባሕሩ ተቆጥቷል፤ ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ከተጎተቱ ሰነበቱ፤ ዓሣም ብርቅ ሆኗል።

ባለቤቴ ዩስታስ ካረፈ ወዲህ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የሐዘን ካርድህ በጊዜው ደርሶኛል፤ መልስ ያልሰጠሁህ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ እንጂ ረስቼህ አይደለም። አባትህና ዩስታስ የወንድማማች ልጆች ናቸው፤ ሰው ቢጠይቀኝ የሩቅ ዘመዳችን ነህ እላለሁ። ለዩስታስ ግን እዚህ ጓሮ ውስጥ ከጎኑ ተጋድመህ መኪና ሥር ያደግህ ልጁ ነበርህ።

የምጽፍልህ ስለ ሞሪሷ ነው። የዚህን ሰፈር ሙሽሮች ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ያደረሰች መኪና መሆኗን ታውቃለህ። ከቀብሩ በኋላ ወፍራም የላስቲክ ሸራ ገዝቼ አለበስኳት፣ በገመድም አሰርኳት፤ ክብሯ እንዲጠበቅ ብዬ ነው። ባለፈው እሑድ ልጄ ሩክማል ከኮሎምቦ ገዢ ይዞ መጣ። ሸራውን ሲገልጡት ከበሮቹ በታች ያለው ቀለም እንደ ብጉር አብጧል። ሩክማል ሊያሳየው ብሎ ክሪክ ከሥሯ አስገብቶ ሲያነሳት መኪናዋ አልተነሳችም፤ ክሪኩ ላሜራውን በስቶ ገባ። ገዢው ሳቀና «እማማ፣ ይቺ እንኳን ሙሽራ ዶሮም አትጭንም» አለኝ። ሩክማል ለቁራሌ እንስጣት ይላል። እሱ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሐዘኔን ለማሳጠር ነው።

አንተ በዚያ አገር የመኪና ገላ ትሠራለህ ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነቱን ንገረኝ፤ ትድናለች ወይስ አትድንም?

አክስትህ ኖይሊን


መሲና፣ ጁን 29 ቀን 1995

ለተከበሩት አክስቴ ለእትዬ ኖይሊን፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ጋሽ ዩስታስን አምላክ በቀኙ ያስቀምጥልን። ደብዳቤዎን ሳነብ የጓሮው የዘይት ሽታ አፍንጫዬ ድረስ መጣ።

ትድናለች። ግን መጀመሪያ ሸራውን ያንሱት፤ ዛሬውኑ። በፍቅር እንዳለበሷት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ላስቲክ አያስተነፍስም። የባሕሩ እርጥበት ከሥር ይገባና መውጫ ያጣል፤ ቀን በሙቀቱ ያላባታል፣ ሲቀዘቅዝ ጨዉን ይዞ ላሜራው ላይ ይተኛል። ጋሽ ዩስታስ ከላይ ጣራ ብቻ አድርጎ ጎኗን ክፍት የሚተውላት ለዚህ ነበር።

ምንጣፎቿን ሁሉ አውጥተው ፀሐይ ያስመቱ። በየበሩ ግርጌ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ሰው ዝገት የበሳቸው እየመሰለው ይደፍናቸዋል። የውኃ መውጫ ናቸውና በቀጭን ሽቦ ይክፈቷቸው። ያበጠውን ቀለም ደግሞ አይመኑት። ካቻቢቴ ይዘው ይውጉት፤ ደህና ላሜራ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ዝም ብሎ ያስገባል። ያስገባውን ሁሉ የሰፈሩ በያጅ ሲሪል ቆርጦ ይጣለውና አዲስ ይበይድበት። በስቱኮ ልሙላው ካለዎት እሺ እንዳይሉት። ስቱኮ ውኃ ይጠጣል፣ ዝገቱም ከሥሩ ሥራውን ይቀጥላል። የተረፈው ብር እስኪመስል በብርጭቆ ወረቀት ይፋቅና በዚያው ቀን የዝገት መከላከያው ቀለም፣ አንቲራስቱ፣ ይቀባ። እዚያ አገር ራቁቱን ያደረ ብረት ጠዋት ቀልቶ ነው የሚገኘው።

አንድ ነገር ላስቸግርዎት። መንገድ ቢቀናዎት ፑታላም ወርደው እናቴን ያዩልኛል? ጎረቤቷ ፋሪና ናት የምትጽፍልኝ፤ «እናትህ ደህና ናት» ከማለት ሌላ አትጨምርም። እኔ እንደሚያውቁት የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም። ከዚህ ከወጣሁ መመለስ አልችልም።

ልጅዎ ክሌተስ


ኔጎምቦ፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1995

ለክሌተስ፤

ጤናህን እንደ ባሕሩ ያብዛልህ። ደብዳቤህን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ወረቀቱ ግራሶ ነክቶት የመካኒክ ሱሪ መስሏል።

ሲሪል ገና ከበሩ ሲገባ የስቱኮ ቆርቆሮ በእጁ ነበር። «እትዬ ኖይሊን፣ ዐይንዎን ጨፍነው እስኪገልጡ አዲስ አደርግልዎታለሁ» አለኝ። ካቻቢቴዬን አነሳሁና ከበሩ ሥር ወጋሁት። እስከ እጀታው ገባ። «እዚህስ ዐይኔን ልጨፍን?» አልኩት። ከጎማው በላይ ካለው ፓራፋንጎ ወደ ውስጥ ወጋሁ፤ እዚያም ገባ። ሲሪል ራሱን አከከና ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ። ኢጣሊያ ልጅ አለኝ አልኩት። ስቱኮውን ይዞ ሄዶ የብየዳ ዕቃውን ይዞ ተመለሰ።

ሲቆርጣት አጠገቡ አልቆምኩም። ከሥሯ የወጣው ዝገት እንደ ደረቀ ቅጠል ነበር፤ በአካፋ ሰበሰብነው። የበሮቹን ቀዳዳዎች በሽቦ ስከፍታቸው ደግሞ ሻይ የመሰለ ውኃ ከነአሸዋው ፈሰሰ። ፍቄያታለሁ፤ እጆቼ አሁን የዓሣ አጥማጅ እጅ ናቸው። ክሪክ የሚገባበትን ቦታ ሲሪል በወፍራም ላሜራ ደርቦ በየደው። አንቲራስቱን የቀባሁት እኔ ራሴ ነኝ።

በአውቶቡስ ፑታላም ሄጄ ነበር። እናትህ ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች።

አሁን የምጠይቅህ ከውስጥ ስለሚቀባው ነው። ዩስታስ በየዓመቱ ክፍት ቦታዎቹ ውስጥ የሚረጨው ነገር ምን ነበር? ሲሪል የተቃጠለ ዘይት ነው ይላል፤ እኔ ሰም ሲያቀልጥ አይቻለሁ። ረጅም አፍንጫ ያለው መርጫ ከዚያ ብታገኝ በሰው ላክልኝ።

ኖይሊን


መሲና፣ ኦክቶበር 8 ቀን 1995

ለውድ አክስቴ፤

ሰላም ለቤትዎ ይሁን። በካቻቢቴው ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሲሪልን እንደዚያ ያደረገው ሰው አልነበረም።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ጋሽ ዩስታስ ዘይትና ሰም አንድ ላይ አሙቆ ነበር የሚረጨው፤ ዘይቱ ጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ እንዲገባ፣ ሰሙ እንዳይፈስ። እርስዎ ግን ንጹሕ ዘይት ይጠቀሙ፤ የተቃጠለው አሲድ ስላለበት ብረት ይበላል። ሲያሞቁ እሳቱ ላይ ሳይሆን የፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጠው ይሁን። የውኃ መውጫዎቹን እንዳይደፍን ሲጨርሱ በሽቦ ይመልሱባቸው። መርጫውን ዲሴምበር ላይ በሚመጣ የቺላው ከተማ ልጅ እልካለሁ። ደግሞም የቆመች መኪና ከምትሄደው ይልቅ ትዝጋለች፤ አልፎ አልፎ አንድ ሰው ይንዳት፤ ንፋስ ያግኛት።

እናቴን ስላዩልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ምን ሠራችልዎት? እንግዳ ቤቷ ከገባ የሐይቁን ሸርጣን፣ ያን ክራብ፣ በቃሪያ አብልታ ሳታላበው አትሰድም። ስለ እኔስ ጠየቀችዎት? ጉልበቷስ?

ክሌተስ


ኔጎምቦ፣ ጃንዩዌሪ 28 ቀን 1996

ለክሌተስ፤

አዲሱ ዓመት የደስታ ይሁንልህ። የቅዱስ ሴባስቲያን በዓል በሰላም አለፈ። መልሴ ስለ ዘገየ አትቀየመኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ስነግርህ ትስቃለህ።

መርጫው ደርሶኛል። ሰሙን እንዳልከኝ አቅልጬ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ውስጥ ረጨሁ፤ ቤቱ ለሳምንት ሻማ ሻማ ሸተተ። ከዚያ «ንፋስ ያግኛት» ያልከው ቃልህ ራሴ ውስጥ ተቀመጠ። ማን ይንዳት? ሩክማል የሚመጣው እሑድ ብቻ ነው። ዩስታስ በሕይወት ዘመኑ መሪዋን አስይዞኝ አያውቅም። የኔ ሥራ አበባ ማሰርና ወንበሯን ነጭ ጨርቅ ማልበስ ነበር፤ እሱ ሲነዳ እኔ ከኋላ የሙሽራዋን ቀሚስ እይዛለሁ።

እናም መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ሩክማል መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ በመጨረሻ ፍሪሲዮን እንዴት እንደሚለቀቅ የሚያሳየኝ እሱ ሆነ። የባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ዓሣ የምታሰጣ ሴት ሁሉ ሥራዋን ትታ ታየኝ ነበር። ፈታኙ ጎረምሳ ነው። «እማማ፣ የሚነዱልዎት የልጅ ልጆች የሉዎትም?» ብሎ ጠየቀኝ። «አሉኝ፤ እነሱ እስኪደርሱ ግን ፍሬኑ ይዝጋል» አልኩት። አሳለፈኝ።

ከባሕር ዳር በተመለስኩ ቁጥር ሥሯን በጉድጓድ ውኃ አጥባለሁ። ቀለሟ እንደ ወተት ሆኗል። ፓራፋንጎዋ ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ አይቼ በዕለቱ ፋቅኋት።

እናትህ ያው ናት።

ኖይሊን


መሲና፣ ፌብሩዌሪ 15 ቀን 1996

አክስቴ ሆይ፤

ሰላም ለእርስዎ። መንጃ ፈቃድዎ አኩርቶኛል፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

ስለ አንዲት ቀይ ነጥብ አንድ ሙሉ መስመር ጻፉልኝ። ስለ እናቴ ሦስት ቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እባክዎን ይንገሩኝ።

ክሌተስ


ኔጎምቦ፣ ማርች 3 ቀን 1996

ልጄ ክሌተስ፤

ልብህን እመቤታችን ታጽናልህ።

በአውቶቡስ የሄድኩ ዕለት እናትህ ሲሲሊያ በሩን ከፍታ ዓሣ ሻጭ መሰልኳትና «ዛሬ አልፈልግም፤ ትናንት ያመጣሽው የገማ ነው» ብላ ዘጋችብኝ። ፋሪና ናት ያስገባችኝ። ገላዋ ንጹሕ ነው፤ ፋሪና ታጥባታለች፣ ከልጆቿ ጋር ታበላታለች፤ እግዚአብሔር ይስጣት። እንግዳ መሆኔን ስትሰማ ክራብ ልሥራልሽ ብላ ድስት ጣደች። ውኃውን ጨመረች፣ ቃሪያውን ጨመረች። እሳት አልነበረም። አጠገቡ ቁጭ ብላ እስኪበስል ጠበቀች፤ እኔም አብሬያት ቁጭ አልኩ። ምን ልበላት?

ስለ አንተ ጠይቃለች። ክሌተስ ከትምህርት ቤት ለምን ቆየ አለችኝ። መምህሩ አቆይተውት ይሆናል አልኩ።

ያልነገርኩህ መምጣት እንደማትችል ስለማውቅ ነው። ባሕር ማዶ ሆኖ ማልቀስ ለሷም ላንተም ምን ይረባል ብዬ ነው። ፋሪናም በዚያው ምክንያት ይመስለኛል ዝም ያለችህ። አሁን ግን ባለቤቷ ሥራ አግኝቶ በፋሲካ ሰሞን ከዚያ ሊነሱ ነው።

ቤቴ ሰፊ ነው፤ ዩስታስ ከሄደ ወዲህ ደግሞ በጣም ሰፍቷል። እሺ ካልከኝ በሞሪሷ ሄጄ አመጣታለሁ። አንድ ቃል ስደድልኝ።

ኖይሊን


መሲና፣ ማርች 19 ቀን 1996

ለእናቴ ምትክ፣ ለእትዬ ኖይሊን፤

አምጧት። ከዚህ በላይ የምልበት አፍ የለኝም፤ እግዚአብሔር ራሱ ይክፈልዎት።

እኔም ልንገርዎት። ጋራዡ ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን የምሠራው አንድ አዛውንት ቤት ነው፤ አጥባቸዋለሁ፣ አጎርሳቸዋለሁ፣ ከአልጋ አነሳቸዋለሁ። በጦርነት የሞተ ወንድማቸውን ስም እየጠሩ ያናግሩኛል፤ እኔም አቤት እላለሁ። ያገሬ ሰው «የሽማግሌ ሞግዚት ሆነ» እንዳይለኝ ብዬ ነበር የደበቅሁት። «እናትህ ያው ናት» ያሉኝ ቀን ግን ነገሩ ገባኝ፤ የአዛውንቱ ሴት ልጅም በስልክ ለወንድሞቿ የምትለው «አባባ ያው ነው» ነው።

ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍልዎት። ተሳስተሻል አይበሏት፤ እንደሷ ያሉት ያፍራሉ፣ ያፈሩበትን ይረሱና ሐዘኑ ብቻ ይቀራል። ቤቴ ውሰዱኝ ብላ ስትነሳ አይከልክሏት፤ አብረው ዞር ዞር ብለው ይመለሱ። ጓሮ በር ላይ መቀርቀሪያውን ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። እጇ ሥራ ይፈልጋል፤ የሚፈለፈል፣ የሚታጠፍ ነገር ይስጧት። ስትቆጣ ደግሞ ይዘፈንላት። እኔ እዚህ የማላውቀውን ቋንቋ ሳይቀር እዘፍናለሁ።

መንገዱ የጨው መሬቱን ያቋርጣል፤ ሲመለሱ የሞሪሷን ሥር ማጠብ አይርሱ።

ክሌተስ


ኔጎምቦ፣ ሜይ 5 ቀን 1996

ለልጄ ለክሌተስ፤

ደስ ይበልህ፤ እናትህ ከጎኔ ተቀምጣ ሽንኩርት እየላጠች ነው ይህን የምጽፍልህ።

ሩክማል «ብቻሽን አልለቅሽም» ብሎ አብሮኝ ሄደ። ከፊት ተቀምጦ እስከ ቺላው ድረስ እጁን ከዳሽቦርዱ ላይ አላነሳም። የፍተሻ ኬላው ላይ አንድ ወታደር ጎንበስ ብሎ አየኝና «ሙሽራ ልታመጡ ነው?» አለ። አዎ አልኩት፤ ሌላ ምን ልበለው?

ፑታላም ስንደርስ የጨው ክምሩ ፀሐይ ላይ ዐይን ይወጋ ነበር። ፋሪና የእናትህን ልብስ ጠቅልላ ጠብቃን ነበር፤ እሷ ናት ያለቀሰችው። እናትህ ግን አልወጣም አለች። የበሩን መቃን ይዛ «ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ማን ይከፍትለታል?» አለች። ሩክማል ሊያስረዳት ሲጀምር እጁን ያዝኩት፤ ያልከኝን አስታውሼ። የሞሪሷን የኋላ በር ከፈትኩ። ወንበሩን እንደ ድሮው ነጭ አልብሼው ነበር። ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«ሙሽራዋ የታለች?»

«አንቺ ነሽ፤ ግቢ» አልኳት።

ቀሚሷን አየች፣ ጸጉሯን በእጇ አስተካከለች። «ሙሽራው አስቀያሚ ከሆነ ግን እመለሳለሁ» ብላ ገባች። ፋሪና በእንባዋ መሐል ሳቀች።

ሲመሽ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለች ነበር የተነሳነው፤ ግን ቺላው ሳንደርስ ዝናብ ያዘንና ጎማ ፈነዳ። መንገዱ ዳር ጭቃ ነው፤ እናትህ ደንግጣ በሩን ለመክፈት ትታገላለች። ሩክማል ክሪኩን ይዞ ወረደና ቆመ፤ ላሜራው የተበሳበት ያ ቀን ትዝ እንዳለው ገባኝ። «እማዬ፣ ሁላችንም ብንወርድ አይሻልም?» አለ። እሷን ዝናብ ውስጥ አወርዳታለሁ? መኪናዋን ከነእኛ አንሳት አልኩት። እኔ ከኋላ ገብቼ እጇን ይዤ የሠርግ ዘፈን ጀመርኩላት፤ ድምፄ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። ክሪኩ ያ ሲሪል የደረበው ላሜራ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። መኪናዋ ቀስ እያለች ተነሳች። ላሜራው ሲጥ አላለም፣ አልተሰነጠቀም። ሩክማል ጎማውን ቀይሮ ሲገባ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ ነበር። መሪዋን ዳሰስ አደረገና «አልሸጣትም» አለ። ማን ሽጥ እንዳለው አላውቅም።

ቤት ስንደርስ በመጀመሪያ እናትህን ደረቅ ልብስ አለበስኳት። ከዚያ ሞሪሷን አጠብኩ።

መቀርቀሪያውን ከፍ አድርጌዋለሁ። አንዳንድ ቀን ታስቸግራለች፤ አልዋሽህም። አንዳንድ ቀን ደግሞ እኔ ብቻዬን ከምሆን እያልኩ አመሰግናለሁ።

ኖይሊን


መሲና፣ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1996

ለእናቴ ምትክ፤

ደብዳቤዬ ምሥራች ይዟል። ወረቀቴ ወጣ። አዛውንቱ ባለፈው ወር ዐረፉ፤ ልጃቸው ናት ቢሮ ለቢሮ ይዛኝ የዞረችው። ዲሴምበር ላይ እመጣለሁ፤ ሄጄ መመለስም እችላለሁ።

ይህን ቀን ስንት ዘመን ጠብቄዋለሁ። አሁን ግን ሻንጣዬን አይቼ እፈራለሁ። እሷ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ነው የምትጠብቀው። እኔ ሸብቻለሁ። ባታውቀኝስ?

ክሌተስ


ኔጎምቦ፣ ኦክቶበር 13 ቀን 1996

ልጄ፤

መንገድህን ያቅናልህ፤ ያወጣህ አምላክ በደህና ያስገባህ።

ማንንም ሾፌር እንዳትቀጥር። አየር ማረፊያው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ እኔ ራሴ ነድቼ እቀበልሃለሁ፤ እናትህም ከጎኔ ትሆናለች።

የጠየቅኸኝን ልመልስልህ፤ የምደብቅህ ዘመን አልፏል። ላታውቅህ ትችላለች። ዓሣ ሻጭ ልትልህም ትችላለች፤ ያን ጊዜ «ዛሬ የመጣው ትኩስ ነው» በላት።

ግን ይህን ስማ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥርላት «ዛሬ ወዴት ነን?» ትለኛለች። ክሌተስ ሊመጣ ነው፤ ሄደን እንቀበለዋለን እላታለሁ። «የኔ ክሌተስ?» ትላለች፤ ሁለት እጇን አፏ ላይ ታደርግና ዐይኗ ይሞላል፤ ከዚያ ትስቃለች፣ ተነስታ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ለጎረቤት ትናገራለች። ምሳ ሳይደርስ ይጠፋባታል። በማግስቱ እነግራታለሁ፤ ምንም እንዳልሰማች ሆና እንደገና ትደሰታለች። ሌላዋ እናት የልጇን መምጣት የምትበሰረው አንድ ቀን ነው። ያንተዋ በየማለዳው ትበሰራለች።

ስለዚህ አውሮፕላኑ ቢዘገይ እንኳ አትጨነቅ።

አክስትህ ኖይሊን